ሜዳ የሌለው ባለሜዳ

ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ከአገር ውጭ ስላስተናገዳቸው ጨዋታዎች የተጻፈ አጭር ታሪክ

በእግር ኳስ ቋንቋ እንግዳ የሚቀበለው ቡድን «ባለሜዳ» ይባላል። ቃሉ የራሳችን ነው፤ ትርጕሙም ግልጥ ነው። ባለቤት ማለት ቤት ያለው፣ ባለርስት ማለት ርስት ያለው እንደ ሆነ ሁሉ፣ ባለሜዳም ሜዳ ያለው ማለት ነው። ነገር ግን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ዓመታት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በወረቀት ባለሜዳ እየተባለ እንግዶቹን የተቀበለው በጆሃንስበርግ፣ በሊሎንግዌ፣ በማፑቶ፣ በኤል ጃዲዳ፣ በዳሬሰላም፣ በአቢጃን፣ በኪንሻሳና በካዛብላንካ ነበር። ስሙ ባለሜዳ፣ ኑሮው እንግዳ ሆነ።

ይህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ ቤት የምንናገርበት መጽሔት ነው። ስለዚህ ቤቱ ለእድሳት ተዘግቶበት በሰው ቤት ስለ ከረመ ቡድን መናገር ከመጽሔቱ ዓላማ የራቀ አይመስለኝም። የምተርከውም እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ የሆነውን ነው። ቀኖቹንና ዓመታቱን የምጽፈው በእኛ አቈጣጠር ሲሆን፣ በአውሮፓ አቈጣጠር የጻፍሁትን ለይቼ አመለክታለሁ።

ስለ ቤቱ

የአዲስ አበባ ስታዲየም የሚገኘው በመስቀል አደባባይና በለገሐር የባቡር ጣቢያ መካከል ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል ነበር። ተመልካቹ ግን ለስታዲየሙ በሙሉ ከተሰጠው ስም ይልቅ ለየመቀመጫው ራሱ ያወጣውን ስም ይወድዳል። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ የሚባሉት ስሞች በማናቸውም መሐንዲስ ፕላን ላይ የተጻፉ አይደሉም። ካታንጋ በ1952 ዓ.ም. ከኮንጎ ተገንጥያለሁ ብላ ዓለምን ያወከች አውራጃ ስም ናት። ሚስማር ተራና ከማን አንሼም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ፣ የየራሳቸው ጨዋታ አዋቂና የየራሳቸው ቀልደኛ ነበራቸው። ሰው ለአንድ ቦታ ስም የሚያወጣለት በዚያ ስፍራ ሲኖርበት ነው። ስለዚህ እነዚህ ስሞች ስታዲየሙ የኖሩበት ቤት እንደ ነበረ የሚመሰክሩ ናቸው።

የዚህ ቤት ታላቁ ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር በአዲስ አበባ ተደርጎ ነበር። የተሰለፉትም ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበሩት ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ ነበሩ። ቡድናችን አስቀድሞ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ነበርና ከጥምቀት በዓል በኋላ በሁለተኛው ቀን ለፍጻሜው ከግብጽ ጋር ተገናኘ። ግብጽ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ባለድል ነበረች። በጨዋታውም ሁለት ጊዜ ቀደመች፤ ሁለት ጊዜም ተደረሰባት። መደበኛው ሰዓት ሁለት ለሁለት አልቆ ጭማሪ ሰዓት በተሰጠ ጊዜ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አገቡ። ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኚህ ሰው በተጫዋችነት የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ያገለገሉ፣ በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግብጽ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ስትመሠርት በሥራው ውስጥ የነበሩ፣ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው። ይህን የማነሣው በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልገን ነው። ሜዳችሁ አይበቃም ብሎ ቡድናችንን ከደጁ ያስወጣው ማኅበር ኢትዮጵያ ራሷ ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ የሆነችበት ማኅበር ነውና።

ከዚያም በኋላ ቤቱ ብዙ እንግዳ አስተናግዷል። በ1960 ዓ.ም. ስድስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በአስመራ ተደረገ፤ ዋንጫውንም ኮንጎ ኪንሻሳ ወሰደች። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ውድድሩ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሆኖ ሞሮኮ አሸነፈች። እንግዲህ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የአፍሪካ ቡድኖች ወደ እኛ መጥተው በእኛ ሣር ላይ ተጫውተዋል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ሜዳ የምትሰጥ እንጂ ሜዳ የምትለምን አገር አልነበረችም።

የቅርቡ ደስታ

ወላጆቻችን የሚያስታውሱት ቀን ሌላ ነው። ቡድናችን ለ31 ዓመት ያህል ከአፍሪካ ዋንጫ ርቆ ከኖረ በኋላ በ2004 ዓ.ም. ከሱዳን ጋር ተመደበ። በመጀመሪያው ጨዋታ በኦምዱርማን 5 ለ 3 ተሸነፈ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገው መልስ ጨዋታ ግን አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባገቡት ጎል 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5 ስለ ሆነ፣ በሰው ሜዳ ባገባቸው ሦስት ጎሎች ብልጫ አለፈ። አሠልጣኙም ሰውነት ቢሻው ነበሩ።

በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካ በዚሁ ሜዳ 2 ለ 1 ተሸነፈች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ በተደረገው ጨዋታ ናይጄሪያ መጥታ 2 ለ 1 አሸንፋን ሄደች። በዚያ ቀን የነበረ ሰው ሐዘኑንም ደስታውን በሚያስታውስበት መጠን ያስታውሳል። በቤት ውስጥ የሆነ ሐዘን ነበርና ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ላይ አለቀሰ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ቍጥሩን ልብ በል። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ በ2005 ዓ.ም. ገና ሕፃን ነበረ። አባቱ በትከሻው ተሸክሞት ሄዶ ካልሆነ በቀር ያን ቀን አላየውም። ዕድሜው ለብቻው ስታዲየም ለመግባት ሲደርስ ደግሞ በሩ ተዘግቶ ቆየው።

በሩ እንዴት ተዘጋ?

ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት ብሔራዊ ቡድኑ በአገር ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ መዘዋወር ጀምሮ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በሐዋሳ ሴራሊዮንን 1 ለ 0 አሸነፈ። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በባሕር ዳር ኮት ዲቯርን 2 ለ 1፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. እዚያው ባሕር ዳር ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረታ። ይህ ዓይነቱ መዘዋወር የሚያስከፋ አልነበረም። እንዲያውም በአዲስ አበባ ብቻ ይታይ የነበረውን ቡድን የጣና ዳርና የሐዋሳ ሰው በዓይኑ እንዲያየው አደረገ።

በ2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ። ሣሩ፣ የመልበሻ ክፍሎቹና መቀመጫው ሁሉ ሥራ የሚፈልጉ ነበሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚፈቀድ ስታዲየም ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ በደንብ አስቀምጧል። ሣሩ የተስተካከለ፣ የሌሊት መብራቱ የበቃ፣ ለሁለቱም ቡድን እኩል የመልበሻ ክፍል ያለው፣ ለዳኞች፣ ለሐኪምና ለአደንዛዥ መድኃኒት ምርመራ የተለየ ክፍል የተዘጋጀለት፣ ተመልካቹ በየቍጥሩ የሚቀመጥበት ወንበርና ለጋዜጠኞች የሚሆን ስፍራ ያለው መሆን አለበት። እነዚህ ነገሮች የቅንጦት አይደሉም። የተጎዳ ተጫዋች የሚታከምበት ክፍልና የተደናገጠ ሕዝብ የሚወጣበት በር የሰው ሕይወት ጉዳይ ናቸው።

አዲስ አበባ በተዘጋ ጊዜ ተስፋው በባሕር ዳር ላይ ነበር። ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዚምባብዌን 1 ለ 0 ያሸነፍነው፣ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 የተሸነፍነው በዚያ ነበር። ነገር ግን የባሕር ዳር ስታዲየም ሥራው ገና ያላለቀ ስለ ነበረ ኮንፌዴሬሽኑ ከዚያ በኋላ ፈቃዱን ከለከለ። በቦሌ ክፍለ ከተማ ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሰው እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየምም ገና በሥራ ላይ ነበር። አንዱ በእድሳት፣ ሁለተኛው በጅምር፣ ሦስተኛው በእገዳ ስለ ሆነ፣ ይህን ያህል ሕዝብ ያላት አገር አንድ ኳስ የምታንከባልልበት ሕጋዊ ሜዳ አጣች።

መንገዱ

የመጀመሪያው የስደት ጨዋታ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ከጋና ጋር የተደረገው ነው። ስፍራው በጆሃንስበርግ፣ በሶዌቶ የሚገኘው የኦርላንዶ ስታዲየም ነበር። አንድሬ አየው ለጋና፣ ጌታነህ ከበደ ለኢትዮጵያ አግብተው 1 ለ 1 ተለያዩ።

እዚህ ላይ ታሪክ የሚማር ተማሪ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. የሶዌቶ ተማሪዎች በግድ በአፍሪካንስ ቋንቋ ተማሩ መባላቸውን ተቃውመው ሰልፍ በወጡ ጊዜ ሊሰበሰቡበት ያሰቡት ወደዚሁ ወደ ኦርላንዶ ስታዲየም ነበር። ጥይት የተተኰሰባቸውም በመንገድ ላይ ሳሉ ነው። ይድነቃቸው ተሰማም በአፓርታይድ የምትገዛው ደቡብ አፍሪካ ከእግር ኳስ ማኅበር ውጭ ሆና እንድትቆይ በብርቱ ከታገሉት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ያ ሥርዓት ወድቆ፣ ነጻ የወጣችው ደቡብ አፍሪካ ለኢትዮጵያ ሜዳ አዋሰች። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ግን ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አለበት። የታገልንለት ሰው ቤቱን ሠርቶ ሲቀበለን እኛ የራሳችን ቤት አልነበረንምና።

ሁለተኛው በ2014 ዓ.ም. የሆነው ነው። ግንቦት 28 ቀን ቡድናችን በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ፣ በቢንጉ ብሔራዊ ስታዲየም ከማላዊ ጋር እንግዳ ሆኖ ተጫውቶ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ከዚያም ወደ አገሩ አልተመለሰም። እዚያው ከተማ ሰንብቶ፣ ሰኔ 2 ቀን በዚያው ስታዲየም ባለሜዳ ሆነና ግብጽን ተቀበለ። በአራት ቀን ውስጥ፣ በአንድ ሣር ላይ፣ አንድ ቡድን አንድ ጊዜ እንግዳ አንድ ጊዜ ባለቤት ሆነ። በሁለተኛው ጨዋታ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው ግብጽ 2 ለ 0 ተሸነፈች። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ የሚተረከው የግብጽ ድል ሌላ ወንድም አገኘ፤ ነገር ግን የተወለደው በሰው አገር ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጕዞ የሚከተለው ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በሞሮኮ ጊኒን ተቀብለን 3 ለ 2 ተሸነፍን። ሰኔ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ዋና ከተማ በማፑቶ ከማላዊ ጋር ያለ ጎል ተለያየን። ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በሞሮኮ፣ በኤል ጃዲዳ ከሴራሊዮን ጋር እንደዚሁ ያለ ጎል አለቀ፤ በዚያው ወር እዚያው አገር ቡርኪና ፋሶ 3 ለ 0 አሸነፈችን።

ነሐሴ 29 ቀን 2016 ዓ.ም. በዳሬሰላም ከታንዛኒያ ጋር እንግዳ ሆነን ተጫወትን። ጳጉሜን 4 ቀን፣ ዘመን ሊለወጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እዚያው ዳሬሰላም ባለሜዳ ሆነን ኮንጎን ተቀብለን 2 ለ 0 ተሸነፍን። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከጊኒ ጋር ሁለቱም ጨዋታ በአቢጃን ሆነ። ኅዳር 7 ቀን ደግሞ ተራው ተገላበጠና ታንዛኒያን የተቀበልነው በኮንጎ ዋና ከተማ በኪንሻሳ ነበር፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው ከተማ ኮንጎን ራሷን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። እንግዳ ስንሆን ያሸነፍን፣ ባለቤት ስንሆን የተሸነፍን ሆንን።

የዚህ አካሄድ ምክንያቱ ቍጠባ እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። ቡድኑ ለአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ ከሄደ በኋላ ሁለተኛውንም እዚያው ቢጫወት የአንድ ጕዞ የአውሮፕላን ዋጋ ይተርፋል። ግን ከገንዘቡ ጋር ሌላም ነገር ይቈጠራል። የዳሬሰላም ሰው ለኢትዮጵያ ብሎ ወደ ስታዲየም አይመጣም፤ የኪንሻሳም ሰው የተቀናቃኙ ደጋፊ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የጅቡቲ ነው። የጅቡቲ ቡድን እንደ እኛው ሜዳው ስላልተፈቀደለት እንግዶቹን በሞሮኮ ይቀበል ነበር። ስለዚህ በሰኔ 2016 ዓ.ም. እንግዶች ሆነን ስንጫወት 1 ለ 1 የተለያየነው በኤል ጃዲዳ ነበር። መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለሜዳ ሆነን 6 ለ 1 ያሸነፍነውም እዚያው ኤል ጃዲዳ ነው። ከአዲስ አበባ ስታዲየም በእግር ጥቂት ራመድ ሲሉ የሚደረስበት የለገሐር ጣቢያ የተሠራው አዲስ አበባን ከጅቡቲ ለሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። እነዚህ በአንድ ሐዲድ የተያያዙ ሁለት ጎረቤቶች ግን ለመገናኘት ሁለት ጊዜ የሰሐራን በረሃ ተሻግረው እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ሄዱ። ሁለት ጎረቤቶች ቡና ለመጠጣት ሌላ ከተማ ቤት ተከራዩ ቢባል ማን ያምናል?

ምን ጠፋ?

በስደቱ የጠፋውን ነገር ሦስት አድርጌ እመለከተዋለሁ።

አንደኛው የአየሩ ጸባይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ከቆላ የመጣ እንግዳ ሩጫው ቶሎ ያደክመዋል፤ ኳሷም ከለመደው ይልቅ ፈጥና ትበራለች። ይህ ተፈጥሮ የሰጠን ምሽግ ነው። ማፑቶ፣ ዳሬሰላም፣ አቢጃን፣ ካዛብላንካና ኤል ጃዲዳ ግን ሁሉም የባሕር ዳር ከተሞች ናቸው። ቡድናችን ምሽጉን ለቆ በወበቅ መካከል እንግዳ ለመቀበል ተገደደ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ያሉት አባቶች በሬው ከሰርዶው ሲለይ ምን እንደሚሆን ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ባለሜዳ የሆነ ፌዴሬሽን ከመግቢያ ቲኬት ገቢ ያገኛል። በስታዲየሙ ዙሪያም ሻይና ቆሎ የሚሸጠው፣ ማልያና ባንዲራ የሚያዞረው፣ ታክሲ ነጂውና ምግብ ቤቱ ሁሉ በዚያን ቀን ይጠቀማሉ። ከአገር ውጭ ሲሆን ገቢው ይቀርና ወጪው ይመጣል፤ የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉ፣ የስታዲየሙ ኪራይ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። ለሣርና ለወንበር ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ ለመንገድ ዋለ።

ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የሚበልጥ የምለው፣ በቡድኑና በወጣቱ መካከል የነበረው መተዋወቅ ነው። ተጫዋችን በቴሌቪዥን ማየትና በሜዳ ማየት አንድ አይደለም። ካሜራ የሚያሳየው ኳሷን ነው። በስታዲየም የተቀመጠ ልጅ ግን ኳስ የሌለው ተጫዋች የት እንደሚቆም፣ በረኛው ተከላካዮቹን እንዴት እንደሚጣራ፣ የተሳሳተ ተጫዋች ጓደኛው ትከሻውን እንዴት መታ እንደሚያደርገው ያያል። ከሁሉም በላይ ከማያውቀው ሰው ጋር አብሮ ይጮኻል። በካታንጋ ከአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ከየት እንደ መጣና ምን ቋንቋ እንደሚናገር ሳይጠይቅ አብሮት ይዘልላል። ለዚህ ትምህርት የሚሆን ሌላ ክፍል በቀላሉ አይገኝም።

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

ቤቱ ሲታደስ በሰው ቤት የሚጫወት ቡድን የእኛው ብቻ አይደለም። የለንደኑ ቶተንሃም የድሮ ሜዳውን አፍርሶ ሲሠራ በ2017 እ.ኤ.አ. በዚያው ከተማ ወዳለው ወደ ዌምብሌይ ስታዲየም ሄደ፤ በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. አዲሱ ቤቱ ገባ። ባርሴሎና ካምፕ ኑ ሲታደስ በ2023 እ.ኤ.አ. በዚያው ከተማ በሞንጁይክ ኮረብታ ላይ ወዳለው ስታዲየም ተዛወረና በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. ወደ ካምፕ ኑ ተመለሰ። በአሜሪካ በቦስተን ከተማም የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ የበረዶ ሆኪ ቡድን በ1910 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ጥንታዊ አዳራሹን በስፍራው አዲስ እንዲሠራለት ሲል በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተሰናበተ።

በእነዚህና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ሁለቱ የአውሮፓ ቡድኖች የሄዱት እዚያው ከተማቸው ውስጥ ስለ ሆነ ደጋፊያቸው ባቡር ተሳፍሮ ተከተላቸው። ሁለተኛው፣ የድሮውን ከመዝጋታቸው በፊት የሚጠጉበትን አዘጋጅተው ነበር። ቤቱን የሚያድስ ብልኅ ሰው ጣራውን ከማንሣቱ በፊት ልጆቹ የሚያድሩበትን ስፍራ ይፈልጋል። እኛ ግን አንዱ ጣራ ሲነሣ የሁለተኛው ገና አልተከደነም ነበር።

ለሚቃወሙ መልስ

አንዳንድ ሰዎች «ጎበዝ ቡድን የትም ይጫወት የት ያሸንፋል፤ ምስክሩም ሊሎንግዌ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ በሊሎንግዌ ግብጽን አሸንፈናል። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርኋቸውን በስደት ባለሜዳ የሆንባቸውን ጨዋታዎች የቈጠረ ሰው ያሸነፍነው በሁለቱ ብቻ፣ ማለት ግብጽንና ጅቡቲን፣ መሆኑን ያገኛል። መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ያችው ግብጽ በካዛብላንካ 2 ለ 0 መልሳ አሸንፋናለች። ለሽንፈቱ ሁሉ ምክንያቱ የሜዳ ማጣት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ይህን ማለት ለተጫዋችም ለአሠልጣኝም የማይጠቅም ማመካኛ ነው። የምለው፣ ሜዳው ባይጠፋ ኖሮ ቢያንስ ሽንፈቱም ድሉም የእኛ ይሆን ነበር ነው። የሊሎንግዌን ድል ያየነው በመስኮት እንደሚታይ የጎረቤት ሠርግ ነው።

ሌሎች ደግሞ ኮንፌዴሬሽኑን ይወቅሳሉ፤ ሕጉ ለድኻ አገር የከበደ ነው ይላሉ። ሕጉ ከባድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሜዳ ያዋሱን ማላዊና ሞዛምቢክ ከእኛ የሚበልጡ ሀብታሞች አይደሉም። እነርሱ የቻሉትን እኛ ያልቻልነው ገንዘብ ስላጣን ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም። አንድ ስታዲየም በአንድ ቀን አያረጅም። ዛሬ አንድ ወንበር ይሰበራል፤ ነገ አንድ ቧንቧ ያፈስሳል፤ ከነገ ወዲያ ሣሩ በአንድ ጥግ ይመለጣል። እያንዳንዱ በጊዜው ቢጠገን ትንሽ ሥራ ነው። ሲጠራቀም ግን ዓመታት የሚፈጅ እድሳት ይሆናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌ ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የምንማረው እድሳት ክፉ ነው የሚለውን አይደለም። እድሳቱ የግድ ነበር፤ መዘግየቱ ግን የግድ አልነበረም። በ1954 ዓ.ም. የነበሩት ሰዎች ቤታቸውን አዘጋጅተው አፍሪካን ጋብዘዋል። እኛ የወረስነው ዋንጫውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ነበር፤ ዋንጫውን እያነሣን ስናወራ ቤቱን ረሳነው።

እኛ ተማሪዎች ስታዲየም መሥራት አንችልም። ነገር ግን የትምህርት ቤታችን ሜዳ የእኛ ነው። የጎሉ ብረት ቀለም ሲለቅ፣ መረቡ ሲበጠስ፣ የክፍሉ ወንበር እግሩ ሲላላ ማን ያየዋል? ማንስ ይናገራል? ዛሬ የላላውን ወንበር አይቶ የሚያልፍ ተማሪ ነገ መሐንዲስ ወይም ሹም ሲሆን የተመለጠውን ሣር አይቶ ያልፋል። ዛሬ ቆሞ የሚያጠብቀው ግን ነገም ያጠብቃል።

ይህ መጽሔት የሚታተምበት በዓል ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎችና መምህራን ይህን ቤት ጠብቀው ስላስረከቡን የሚከበር ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ የበዓል መጽሔት ሲዘጋጅ፣ ያን ጊዜ የሚጽፈው ተማሪ ስለ እኛ «ባለሜዳ ነበሩ» ብሎ እንዲጽፍ፣ ቃሉም በወረቀት ብቻ የቀረ እንዳይሆን፣ ከዛሬ ጀምሮ እንትጋ።